ከፍ የማይለው ቁጥር

በላይነህ ከመጋዘኑ ሳይወጣ ሰንብቷል። አልታመመም፤ የታመመው ትልቁ ፍሪጅ ነው።

በላይነህ ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ የክትባት መጋዘን የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ከመጋዘኑ የሚወጣው ክትባት በየገጠሩ ጤና ኬላ ይደርሳል። ክትባት ደግሞ አመለኛ ነገር ነው፤ ሲሞቅም ይበላሻል፣ በረዶ ሲሠራም ይበላሻል። ከሁለት ዲግሪ በታች አይወድም፣ ከስምንት በላይም አይወድም። የትልቁ ፍሪጅ የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ ካረጀ ቆይቷል። አንዳንድ ጊዜ ሳይታሰብ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ያኔ ማብሪያውን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ነው፤ አጉረምርሞ ይነሣል። መለዋወጫው ታዟል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን የሚያውቅ የለም።

ቀደም ሲል ይህ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። ፍሪጁ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ በሽቦ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች አጭር ፕሮግራም ሙቀቱን ታነባለች፤ ከሰባት ዲግሪ ካለፈ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳይረን ይጮኻል። የጥበቃው ሠራተኛ አያ ሙላቴ ከበሩ ሰምተው ይመጣሉ፣ ማብሪያውን አጥፍተው ያበራሉ፣ ይመለሳሉ። በቃ።

መብረቅ ኮምፒውተሩን ከመታው ወዲህ ግን ሳይረኑን የሚያስጮኽ የለም። ስለዚህ ፍሪጁ አጠገብ ሰው ተቀምጦ የመስታወቱን ቴርሞሜትር ማየት አለበት። በላይነህና የመጋዘኗ ሠራተኛ ጌጤ እየተፈራረቁ ሰነበቱ። ከዚያ ጌጤን ትኩሳት ያዛትና ቤቷ ገባች። በላይነህ ብቻውን ቀረ።

"አያ ሙላቴ፣ እርስዎ ለአንድ ቀን ቢቀመጡልኝስ?" አላቸው።

"ጩኸት ከሆነ ከማዶም እሰማለሁ" አሉ አያ ሙላቴ። "ቁጥር ግን ለእኔ ጉንዳን ነው። ሁለቱን ስምንት፣ ስምንቱን ሁለት ብዬ የሰው ልጅ ልፍጅ?"

ዓይናቸው እውነትም ደክሟል። ጆሯቸው ግን የበሩን ቁልፍ ሲነኩት ይሰማል።

በላይነህን ያስጨነቀው መቀመጡ ብቻ አልነበረም። እሑድ ማለዳ ሴት ልጁ አማቾቹ በሚኖሩባት ሐሙሲት ክርስትና ትነሣለች። ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ ደግሞ ቀጠሮ አይለወጥለትም። የመጀመሪያው ወንድ ልጁ ክርስትና ሲነሣ መንገድ ተዘግቶበት እዚሁ ደብረ ታቦር ቀርቷል። ባለቤቱ ትዝታ ያንን አልረሳችም። ዓርብ ዕለት ደወለች።

"አባቴ ድንኳኑን ተክሏል፤ ጠላውም ደርሷል። የቀረኸው አንተ ነህ።"

"እመጣለሁ።"

"ያኔም እመጣለሁ ብለህ ነበር።"

"ያኔ መንገድ ነው የያዘኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ፍሪጅ ነው።"

"እንግዲያ ልጅቷን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተን እንላክልህ?" አለችው። ሳቀች፤ እሱም ሊስቅ ሞከረ።

የመጨረሻው ሚኒባስ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ እስኪነጋ መኪና አይንቀሳቀስም። እስከዚያ ሰዓት ሳይረኑን የሚያስጮኽ ካልተገኘ በላይነህ ከመጋዘኑ አይወጣም።

ሌላ ኮምፒውተር ተገኝቷል፤ ከሌላ መጋዘን የመጣ፣ ሌሎች ሲሠሩበት የኖሩት። የፕሮግራሟም ቅጂ አለ። የጻፈላቸው የበላይነህ አብሮ አደግ ሸሪፍ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር ይሠራል። በላይነህ ዩኒቨርሲቲ እያለ የተማራትን ሲ አስታውሶ ፕሮግራሟን ወደ ማሽን ቋንቋ እንዲተረጉምለት ኮምፓይለሩን አዘዘው። ኮምፓይለሩ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አላለፈም፤ የጠየቅኸኝ ፋይል የለም ብሎ ቆመ።

ፕሮግራሟ አጭር የሆነችው ከሴንሰሩ ጋር የመነጋገሩን ከባድ ሥራ ራሷ ስለማትሠራው ነው። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን ትዋሳለች። እንዲህ ያለው የውሰት ዕቃ ላይብረሪ ይባላል። እድርን ማሰብ ነው። ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ ድንኳን አይሰፋም፣ ወንበር አያሠራም፤ ከእድሩ ዕቃ ቤት ያመጣል። የሚገርመው ግን አንድ ላይብረሪ ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንደኛው ራሱ ዕቃው ነው። ሁለተኛው ዕቃው ምን ምን እንዳለው፣ በየት በኩል እንደሚያዝም የሚናገር ትንሽ ፋይል ነው፤ ሄደር ይሉታል። ኮምፓይለሩ ዕቃውን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሄደሩን ነው። ሄደሩ ደግሞ እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም።

በላይነህ ለሸሪፍ ደወለ። ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል፤ ስልክ ግን ይሠራል።

"ሙሉውን ላይብረሪ በፍላሽ እልክልሃለሁ። በሹፌር እጅ" አለ ሸሪፍ። "ፊልሞቼን ግን እንዳታጠፋብኝ።"

"ክርስትና ነው ያለብኝ፤ ፊልም የማይበት ጊዜ የለኝም።"

"ጥሬ ሥጋ ሲደርስ እኔን አትጥራኝ። ቆሎ ይበቃኛል።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፖስታ ውስጥ የታሸገው ፍላሽ ደረሰ፤ አያ ሙላቴ ከመናኸሪያው ድረስ ሄደው አመጡለት። በላይነህ ሰክቶ መገልበጥ ጀመረ። በዚህ አገር ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ አምፖሉ ላይ ነው፤ መብራት መሀል ላይ ከሄደ የተገለበጠው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ "ይህ ስም ያለው ፋይል እዚህ አለ፤ ልተካው ወይስ ልለፈው?" ብሎ ሲጠይቅ ፊልም የሚገለብጡትም፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚገለብጡትም፣ ሁሉም "እለፈው" ይላሉ። ያለውን ነገር ደግሞ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው። በላይነህም ሲጠየቅ እለፈው አለ፤ ቀጠለ፤ መብራቱም ሳይሄድ ጨረሰ።

ኮምፓይለሩ አሁን ሄደሩን አገኘና በሰላም አለፈ። ቀጥሎ ግን ሊንከሩ ያዘው። ሊንከር የሚባለው ፕሮግራሟን ከጠራችው የውሰት ዕቃ ጋር የሚያገናኛት ነው። "እንዲህ የሚባል ሥራ ተጠርቷል፤ የት እንዳለ ግን አላገኘሁም" አለ። በላይነህ የላይብረሪውን ስም ትእዛዙ ላይ ጽፎ ነበር፤ እርግጠኛ ነው። ደጋግሞ አነበበው። ስሙ አለ።

ሸሪፍን ሲጠይቀው "ከምን በፊት ነው የጻፍከው?" አለ።

"ከፕሮግራሟ በፊት።"

"በኋላ አድርገው።"

ይህቺን ነገር ማወቅ ደስ ይላል። ሊንከሩ ትእዛዙን የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ላይብረሪ ሲያገኝም እስከዚያ ድረስ የተጠራውን ብቻ መዝዞ ያልፋል። ላይብረሪው ቀድሞ ከመጣ ገና ማንም ምንም ስላልጠራ ባዶ እጁን ያልፈዋል። ፈላጊው ይቀድማል፣ ተፈላጊው ይከተላል። በላይነህ ቅደም ተከተሉን አዛወረው፤ ሊንከሩ ዝም አለ። በዚህ ሥራ ዝምታ ምስጋና ነው።

ፕሮግራሟን ሲያስነሣት ደግሞ ሌላ ነገር ጮኸች፤ ላይብረሪውን መክፈት አልቻልኩም አለች። ሲሠሯት ዕቃውን አሳይተዋታል፤ ስትነሣ ግን ራሷ እንደ አዲስ ትፈልገዋለች፤ የምትፈልገውም ኮምፒውተሩ በሚያውቃቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። በላይነህ የላይብረሪውን ፎልደር ከነዚያ ቦታዎች ጋር አስመዘገበ። ወዲያውም መስኮቷ ላይ ቁጥር ወጣ፤ አራት ነጥብ አንድ።

ከመስታወቱ ቴርሞሜትር ጋር አስተያየው። ተመሳሳይ ነው። ሳይረኑንም በእጁ ሞከረው፤ ጮኸ። አያ ሙላቴ ሮጠው መጡ።

"አሁን ይሄ ነገር ሠራልህ ማለት ነው?" አሉ።

"የሠራ ይመስለኛል።"

"እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ያንተን ልጅ እኔ ላነሣልህ ነው?"

በላይነህ አዲሱን ሸሚዙን ለበሰ። የሚኒባሱ ረዳት ደውሎ መስኮት አጠገብ ቦታ እንደያዘለት ነገረው፤ ሰው ሞልቷል፣ ቶሎ ና አለው። ቦርሳውን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። መሣሪያ የሚጠግን ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ ዕቃውን ሆን ብሎ ያስቸግረዋል። ተመለሰና ሴንሰሩን ከፍሪጁ አውጥቶ በጨበጠው እጁ ውስጥ ያዘው።

የሰው እጅ ይሞቃል። ቁጥሩ መውጣት ነበረበት። አራት ነጥብ አንድ። ጠበቀ፤ ተንፍሶበት ደግሞ ያዘው። አራት ነጥብ አንድ። ሴንሰሩን በበረዶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቁጥሩ ወረደ፤ ሲያወጣው ግን እዚያው በወረደበት ቀረ። ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

እንዲህ ሆኖ ትቶት ቢሄድ ኖሮ ፍሪጁ እንደ ምድጃ ቢግል እንኳ ፕሮግራሟ አራት ነጥብ አንድ እያለች ትቀመጥ ነበር፤ ሳይረኑም ዝም፣ አያ ሙላቴም ዝም። እስካሁን ያየው ስሕተት ሁሉ ይጮህ ነበር። ይሄኛው ግን አይጮህም።

ስልኩ ጠራ። ረዳቱ ነው።

"አንተን ብለን ነው የቆምነው፤ ሹፌሩ እየተቆጣ ነው።"

በላይነህ የጨበጠውን ሴንሰር አየ። "ለሌላ ሰው ስጠው ቦታውን" አለ።

"እርግጠኛ ነህ? ሌላ መኪና የለም።"

"አውቃለሁ።"

አያ ሙላቴ ቦርሳውን ከመሬት አንሥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡለት።

በላይነህ ለሸሪፍ ደወለለት፤ የሆነውን ከመጀመሪያው ነገረው። ሸሪፍ ሰምቶ ጨረሰና ጠየቀ።

"ይወርዳል አይወጣም ነው የምትለኝ? ያ እኮ ዝቅተኛው ነው። ላይብረሪው ሁለት ቁጥር ነው የሚሰጥህ፤ የአሁኑንና እስካሁን ከታየው ሁሉ ዝቅተኛውን። በድሮው ላይብረሪ ዝቅተኛው ይቀድም ነበር፤ በአዲሱ ቦታቸው ተቀያይሯል። ፍላሹ ላይ ያለውንና እዚያ ያለውን ፋይል መጠናቸውን እያቸው እስቲ።"

በላይነህ አየ። ስማቸው አንድ ነው። መጠናቸው አንድ አይደለም።

"ስትገለብጥ እለፈው ብለሃል?" አለ ሸሪፍ።

"መብራቱ ይሄዳል ብዬ።"

"እኔም ብሆን እለፈው ነበር የምለው" አለ ሸሪፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኮምፒውተሩ ከሌላ መጋዘን ሲመጣ የቀድሞ ሠራተኞቹ የዚሁኑ ሴንሰር አሮጌ ላይብረሪ ትተውበት ነበር፤ ዕቃውን ብቻ፣ ያለ ሄደር። በላይነህ ከፍላሹ ሲገለብጥ ሄደሩ አዲስ ስለነበር ገባ፤ ላይብረሪው ግን በስሙ የሚመስለው ስላለ ታለፈ። የአንዱ ድንኳን ጨርቅ በሌላው ድንኳን ምሰሶ ላይ ተወጠረ። ከሩቅ ሲያዩት ቆሟል። አዲሱ ሄደር "የአሁኑ ሙቀት እፊት ነው" ይላል፤ አሮጌው ላይብረሪ ደግሞ እፊት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው። ኮምፓይለሩም ሊንከሩም ይህን አያዩም፤ ስም ይገጥማል፣ ቁጥር ይመጣል፣ ማንም ቅሬታ አያሰማም። የሚያውቀው የሞቀ እጅ ብቻ ነው።

በላይነህ እንደገና ገለበጠ፤ ሲጠየቅ "ተካው" አለ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ሠራ። ሴንሰሩን ጨበጠ። አምስት፤ ስድስት ተኩል፤ ቁጥሩ ሰባትን ሲያልፍ ሳይረኑ ግድግዳውን አናጋው። አያ ሙላቴ ከበር መጥተው ማብሪያውን አጠፉ፣ አበሩ፣ ፍሪጁ አጉረመረመ።

"አሁን ሠራልህ" አሉ።

"አሁን ሠራ።"

መሽቶ ነበር። ፍሪጁ አጠገብ ማንም መቀመጥ አያስፈልገውም። ቁልፉ በእጁ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። መናኸሪያው ግን ባዶ ነው፤ እስኪነጋ ወደ ሐሙሲት የሚሄድ ነገር የለም። በላይነህ አዲሱን ሸሚዝ አውልቆ በወንበሩ ላይ ዘረጋውና እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ጋደም አለ።

በማለዳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሮ ሳለ ትዝታ ደወለች። ከኋላዋ የሴቶች እልልታና የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

"ወጥተናል ከቤተ ክርስቲያን" አለች። "ፍሪጅህ እንዴት አደረ?"

"ደህና አደረ።"

"እሰይ። ደህና ይደር እንጂ ሌላ ምን አለን።"

"ስሟን ማን አሏት?"

"ወለተ ሥላሴ።"

በላይነህ ስሙን በዝግታ ደገመው። ሚኒባሱ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ኬላው ላይ ገመዱ አልወረደም። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ መንገዱ ገና ስላልተፈቀደ ሁሉም ባለበት እንዲጠብቅ ተናገረ። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ለመተኛት ተመቻቹ።

"የት ደርሰሃል?" አለች ትዝታ።

"ገና ነኝ" አላት።