ጉንጬ ላይ የተለካ ቀለም

የባቡር መንገዱ ሥራ መገናኛን ቆፋፍሮ ሰፈራችንን ሲግናልን በአቧራ ባለበሰበት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው አክስቴ ፎቶ ቤት ነው። በዚያው ዓመት አክስቴ አዲስ የፎቶ ማተሚያ ገዛች። ሊያስተካክለው የመጣው ባለሙያ በትናንሽ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች የተሞላ ወረቀት አተመ፤ እያንዳንዷን በመሣሪያ አነበበና ለማሽኑ «ፕሮፋይል» ሠራለት። ከእንግዲህ ካሜራው ያየውን ቀለም ወረቀቱም ይደግመዋል ማለት ነው። ሲወጣ ግን አስጠነቀቀን፦ «ቀለም ወይም ወረቀት በቀየራችሁ ቁጥር፣ በደንብ በምታውቁት ነገር ፈትሹት።»

አክስቴ ዙሪያዋን ቃኘች። በደንብ የምታውቀው ነገር እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

«ነይ ቁሚ!»

አነሳችኝ፣ አተመችኝ፣ ከዚያ እጄን ይዛ ወደ በሩ። የቤት ውስጥ መብራት ይዋሻል ባይ ናት፤ የምታምነው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ፎቶውን ጉንጬ ላይ አስጠግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ልክ ነው! ቁርጥ አንቺን!»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለና «ደግሞ ለፊትም ልኬት መውሰድ ተጀመረ?» ብሎ ሳቀብን። ይሳቅ! ያ ሁሉ ብር የወጣበት ማሽን የሚፈተነው በኔ ፊት ነው። ወረቀት በተቀየረ ቁጥር በኩራት በሩ ላይ እቆም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኮተቤ ተምራ የተመረቀች ልጅ ልናነሳ እንጦጦ ወጣን። ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ ባህር ዛፍ ሥር ስትቆም ከፊቷ ሁለት እርምጃ ነበርኩ። ጠይም ናት፣ ያውም ጠቆር ያለች ጠይም። ስለዚህ ምን እንደምትመስል ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ማክሰኞ እናቷ ፎቶውን ሊወስዱ መጡ። ትልቁን ፎቶ ከፍ አድርገው አዩና፦

«ይቺ ማናት?»

«ልጅዎት ናት እንጂ፣ እናቴ» አለች አክስቴ።

«የኔ ልጅ ቀይ ናት። ማሽናችሁ አጥቁሯታል።»

«ኧረ ማሽኑስ ተፈትሿል።» አክስቴ መሳቢያዋን ከፍታ የኔን ፎቶ አወጣች። «ነይ ቁሚ!»

በሩ ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እሷ ላይማ ምን ያበላሻል! ድሮውንስ ጥቁር አይደለች?»

ጥቁር መባሌ አይደለም ያንገበገበኝ። ጥቁር ነኝ፤ ስንት ጊዜ በቀን ብርሃን ተረጋግጧል! ያንገበገበኝ «ያበላሻል» ያሉት ነው። እና እኔ ስፈጠር ጀምሮ የተበላሸሁ ነኝ?

አክስቴ ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! «እሺ፣ ፈካ አድርገን ለነገ እናደርስልዎታለን» አለቻቸው። ፊት ማፍካት ለሷ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በአሮጌው ማሽን ጊዜ ሳትጠየቅም ታደርገው ነበር። ታዲያ ፕሮፋይሉን ለምን አሠራችው? እኔንስ ለምን በር ላይ ትገትረኛለች?

ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው እኔ ስለነበርኩ ሥራው እኔው እጅ ላይ ወደቀ። ፊቷን ባፈካሁ ቁጥር ጋዋኗ አመድ እየመሰለ፣ ባህር ዛፉ እየገረጣ ሄደ። አትሜ ሰጠኋት።

«ጥሩ ነው» አለች፣ በቅጡ እንኳ ሳታየው።

«ጥሩ አይደለም! ይሄን ከሰጠሻቸው ሁለተኛ በኔ ፊት ማሽን አትፈትሺም። ልብስ ሰፊውን አቁሚው!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ደስ ብሎት ቢሄድ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ሄጄ መስኮቱ ላይ ለናሙና የተሰቀለውን የራሷን ፎቶ አወረድኩት። ፎቶ ቤቱን ስትከፍት ተነስታ በአሮጌው ማሽን ያተመችው ነው።

«ነይ ቁሚ!» አልኳት።

ሳቀች። ግን መጣች። ፎቶውን ጉንጯ ላይ አስጠግቼ፣ እንደሷ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልብስ ሰፊው ቀደመኝ።

«ይቺ ደግሞ የማን እህት ናት?»

አክስቴ ፎቶውን ተቀብላኝ ብዙ አየችው። ወደ መስኮቱ አልመለሰችውም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «ምሩቋን እንዳለች አትሚያት» አለች።

በማግስቱ እናትየው ልጃቸውን አስከትለው መጡ። አክስቴ ልጅቷን በሩ ላይ አቆመቻትና ፎቶውን ጉንጯ ላይ አስጠጋችላት። ልጅቷ አንገቷን አዙራ አየችና በሳቅ ፈረሰች።

«እማዬ፣ እኔው ነኝ እኮ!»

እናትየው አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ልጃቸውን እያዩ ቆዩ።

«እኔ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ነዋ የማያት» አሉ በመጨረሻ፤ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ።

በሩ ጋ ነበርኩ። በአጠገቤ አለፉ። ስለ «ያበላሻል» አንዲት ቃል ይተነፍሳሉ ብዬ፣ መንገዱን ተሻግረው ታክሲ እስኪሳፈሩ ድረስ ቆሜ ጠበቅኳቸው።