መስመር የበዛባት ነጥብ

አባቴን ስትሮክ ከጣለው በኋላ ከገጠሩ ከጫኖ አምጥተን ከተማ ሴቻ ላይ ለሁላችንም የሚሆን ቤት ልንሠራ ተስማማን። አርክቴክት ስለሆንኩ ንድፉ የእኔ ሥራ ሆነ።

መሬቱ ተዳፋት ነው። እናቴ ጭሱ ሳሎን የማይገባ ማድቤት፣ ወንድሜ መንገድ ዳር ሱቅ፣ ቤታችን የሚሰበሰበው የጸሎት ኅብረትም ሰፊ ሳሎን ይፈልጋሉ። ለአባቴ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚገባበት መኝታ ቤት፣ አጠገቡ መታጠቢያ፣ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ ከታች ያለውን ሐይቅ የሚያይበት መስኮት። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሲያቅተኝ የተማርኩት ግራፍ ቲዎሪ ትዝ አለኝ፤ እያንዳንዱን ፍላጎት ነጥብ አደረግሁና የሚነካኩትን በመስመር አገናኘሁ።

እሁድ ከቸርች መልስ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለቤተሰቡ ማስረዳት ጀመርኩ።

«መሃል ላይ ያለችው ምንድን ናት? መስመሩ ሁሉ እሷ ጋ ይሄዳል» አለ ወንድሜ።

«የአባዬ ክፍል ናት። ቤቱን ያስቸገረችው እሷ ናት። እሷን ብናወጣት ሌላው ምንም አይከብድም ነበር» አልኩ። አባቴ ከአጠገቤ መቀመጡን ረስቼው ነበር።

እናቴ በጋሞኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረችኝ፤ ነውር ማለት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አውጪኝ እንግዲህ» አለ አባቴ፣ አንደበቱ እየተሳሰረ። «ጫኖ እመለሳለሁ።»

«ይቅር በለኝ አባዬ፣ ስለ ሥዕሉ ነው ያወራሁት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሥዕሉ ግን ልክ ነው።»

ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀልኩት።

በማግስቱ ሥዕሉን እንደገና አየሁት። ወደ አባዬ ክፍል ከሚሄዱት መስመሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከራሱ ፍላጎቶች ነው፤ መኝታው፣ መታጠቢያው፣ መስኮቱና ደረጃ የሌለው መግቢያ እርስ በርስ በጥብቅ የተሳሰሩ ናቸው፤ ከእነሱ ወጥተው ወደ ሌላው የሚሄዱት መስመሮች ግን ጥቂት ናቸው። አራቱን እንደ አንድ ነገር ይዤ መጀመሪያ ነደፍኳቸው። ማድቤቱ ወደ ጓሮ፣ ሱቁ ወደ ታች መንገዱ ዳር ሄደና ነገሩ ተፈታ። ወረቀቱን አባቴ ጉልበት ላይ ዘርግቼ ቁጭ ብዬ አሳየሁት። ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ሱቁ ታች ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃ አይገባበትም?» አለኝ።

ልክ ነበር፤ ወለሉን ከፍ አደረግሁት።

አሁን ቤቱ አልቋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ መስኮቱን እያሳየ «ልጄ ቤቱን የጀመረችው ከእኔ ነው» ይላል። እኔ ግን የዚያ እሁድ ንግግሬ ትዝ ስለሚለኝ ሻይ ላምጣ ብዬ እወጣለሁ።