ያለ ሚስማር የቆመው ግድግዳ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አዋሽ ከተማ። በአንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ የቤት ማስዋቢያ ንድፍ ሠራተኛ ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነበር። የመጀመሪያውን ሥራ ካበላሸሁ ወደ መጣሁበት ደሴ የሚመልሰኝ መኪና እንደማይጠፋ አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ያኔውኑ ነገሩኝ።

ጋሽ ወርቁ ዋና አናጺ ናቸው፤ እርሳስ ከጆሯቸው አይለይም። «ሰይድ፣» አሉኝ፣ «ዱብቲ ያለ የእንግዳ ማረፊያ የሳሎን መከለያ ይፈልጋል። ዘመናዊ ይሁን፣ የአገሩም ነገር ይኑርበት ብለዋል። እንዴት እንደሚሆን እኔ አላውቅም። የተማርከው አንተ ነህ።»

ከሙራሌ እንጨት የተሠራ ቴላዮ፣ የመከለያውን ክፈፍ፣ ነደፍኩ። መሃሉን በኮምፔንሳቶ ፈንታ የአፋር ሴቶች ከዘንባባ በሚሠሩት ሰሌን ልሸፍነው አሰብኩ፤ ነፋስ ያሳልፋል፣ ብርሃኑን ያለዝባል። ቴላዮውን አዋሽ ሠርተን ከጋሽ ወርቁ ጋር በጭነት መኪና ወደ ዱብቲ ወሰድነው። ሎጊያን እንዳለፍን፣ ዛሬ ሰመራ ያለችበት ሜዳ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር።

ሰሌኑን የሠራችው ፋጡማ የምትባል የዱብቲ ሴት ናት። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ስታስረክበኝ «ገና እርጥብ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይክረም» አለችኝ። የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ግን ሐሙስ ጠዋት ሊያዩት ነው። ሳይደርቅ ቴላዮው ላይ ወጥሬ ዙሪያውን በሚስማር መታሁት።

«ከበሮ አስመሰልከው!» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ሙገሳ ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ጧ! አለ። ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ ሮጦ ገባ።

«ማነው የተኮሰው?»

«ሰሌኑ ነው» አልኩት።

ሙቀቱ ሰሌኑን አድርቆ በአራት ጣት አሳጥሮታል። ሲኮማተር ጠርዙ ተቀዷል፤ የቴላዮው አንድ ማዕዘን ተሰንጥቋል። ወደ ፋጡማ ሮጥኩ። መጥታ አየችው፤ ስቃ ስቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቤት በሚስማር ይወጋል እንዴ? ቤት ይታሰራል እንጂ!»

«ፋጡማ እህቴ፣ ነገ ሊያዩት ነው። ከሥራ ያስወጡኛል።»

«ይምጡ። የኔ የሰሌን ቤት ስንቴ ፈርሶ ስንቴ ተሠራ፤ ወላሂ ሚስማር አላየም።»

ጋሽ ወርቁ ማዕዘኑን ጠገኑ። እሷ የተቀደደውን ጠርዝ ቆርጣ፣ አጥፋ ሰፋችው። ከዚያ በቴላዮው ላይ በየስንዝሩ ቀዳዳ አስበሳችን፤ ሰሌኑን ዙሪያውን ሁለት ጣት ክፍተት ትታ በጠፍር አሰረችው። ሰሌኑ ሲደርቅ ጠፍሩ ይከራል፣ ሲርስ ይላላል፤ ሰሌኑ ግን አይቀደድም።

«ሽማግሌው፣ ቀዳዳውን አስፋው!» ትላለች። ጋሽ ወርቁ ያሰፋሉ። ትእዛዝ ሲቀበሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። ጠፍሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ጓድ ሰይድ፣ ይሄ ንድፍ ነው ወይስ ሥራው አላለቀም?»

«ንድፍ ነው!» አሉ ጋሽ ወርቁ ቀድመውኝ።

«የማን ንድፍ?» አለች ፋጡማ ከበሩ።

«የእሷ ነው» አልኩ። ትናንት የሆነውንም ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁና ለአራቱ መኝታ ቤቶችም እንዲሠራ አዘዙ፤ «ከእሷ ጋር ከሆነ ብቻ» ብለው።

በሦስተኛው ወር የቋሚነት ደብዳቤዬ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ ከመሣሌ በፊት ዕቃውን በእጁ የሚሠራውን ሰው እጠይቃለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዱብቲ ሳልፍ ማረፊያው ገብቼ አየሁ። ቴላዮው ተቀይሯል። ሰሌኑም ሌላ ነው። ዙሪያውን በእጄ ፈተሽኩ፤ ሚስማር የለበትም።