የአክስቴ አንድ እግር ጫማ

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ አክስቴ ወይንሸት ቤት የገባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ከበሩ አጠገብ፣ ከኮት መስቀያው በላይ፣ ምስማር ላይ አንድ እግር ጫማ ተንጠልጥሏል። ቡኒ ሰንደል ጫማ ነው፤ የግራ እግር፤ ቆዳው በጨው ደርቆ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል። «ሌላኛውስ?» ይላል እንግዳው። አክስቴ «እየተፈለገ ነው» ትልና ወደ ሳሎን ታስገባዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ይህንኑ ስትጠይቃት ሰማሁ። ያ ጫማ ከእግሯ የወጣ ቀን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አክስቴን በዝምታዬ ልገድላት ምንም አልቀረኝም።

ያኔ የምንኖረው እዚያው ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር ነበር። ካውንስሉ፣ ማለትም የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ የሰጠን አፓርታማ ሁለት መኝታ ቤት ነበረው፤ አንዱ የእናትና አባቴ፣ ሌላው የእኔና የወይኒ። ወይኒ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ማደር ማለት ሬዲዮ ታቅፎ ማደር ማለት ነው፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት ታወራለች። ልብስ ስትቀይር ግን መብራት ታጠፋለች። አንድ ቀን ማጥፋቱን ረሳችና አየሁት፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ጀርባዋ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ስታየኝ ፎጣውን ለብሳ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «ለምጽ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እናትሽም አታውቅም።»

ያኔ በእኛ ሰው ዘንድ ለምጽ ምን ማለት እንደነበር እኩዮቼ ታውቃላችሁ። ይጋባል ይባላል፣ እርግማን ነው ይባላል፣ ለልጅ ይወርዳል ይባላል። ወይኒ ደግሞ ቀለበት ያሰረች ልጅ ነበረች። እጮኛዋን ጋሼ ፍቅሩን ያገኘችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። እሷ በነሐሴ ሙቀት እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳ ስትሄድ «ወይኒዬ፣ ብርድ አይለቅሽም አይደል?» እያለ ኮቱን ያለብሳታል። እኔ ምስጢሩን ስለማውቅ ፊቴን አዙሬ እስቅ ነበር። ሞኝ ነበርኩ እኮ፤ የሚያስቅ ነገር መስሎኝ!

በዚያው ነሐሴ አባቴ ከሚሠራበት ቦታ ሚኒባስ ተውሶ «ቤተሰቤን ባሕር አሳያለሁ» ብሎ ተነሣ። ጋሼ ፍቅሩም ተጨምሮ አምስታችን ተጭነን ኮርንዋል ድረስ ሄድን፤ አትላንቲክ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ገደሉ ላይ የቆመ ካራቫን የሚሉት የኪራይ ተጎታች ቤት ውስጥ አረፍን። ጊዜው ግን ፍልሰታ ነበር። የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄዶ ዓሣ የማይቀምስ ቤተሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን። መንደሩ በሙሉ የተጠበሰ ዓሣና ኮምጣጤ ይሸታል፤ እናቴ በአፍንጫዋ ላይ ነጠላዋን ይዛ፣ ያመጣነውን ድንች ወጥና ምስር በሰሃን ከድና ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለች። እኔ ሕፃን ስለሆንኩ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር የምጾመው። ወይኒ ግን ከማንም አብልጣ ትጾም ነበር፤ ያን ጠዋት ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም።

ወደ አሸዋው ስንወርድ ባሕሩ ሩቅ ነበር። በቀኝ በኩል ከገደሉ ተነጥሎ እንደ አፍንጫ የወጣ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ነፋሱ የሚያወሩትን ከአፍ ነጥቆ ይወስዳል። ደረጃው ሥር የተተከለውን ሰሌዳ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ውሃው በፍጥነት ስለሚመለስ ከገደሉ ሥር እንዳትቆዩ ይላል። ለአባቴ ተረጎምኩለት። አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ውሃ ከየት ወዴት ይመለሳል? ላንጋኖ ሃያ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድ ቀን ከቦታው ንቅንቅ ሲል አላየሁትም!» ሁላችንም ሳቅን። የደጋ ሰው ባሕር ቀጠሮ እንዳለው ከየት ያውቃል? ወይኒም የሳቀችው ከልቧ ነበር።

እኔ ዳቦዬን እንደበላሁ ወይኒ ዛጎል እንልቀም ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከቋጥኙ ጀርባ ዞርን። እዚያ ከሰው ዓይን የተሰወረች፣ በሦስት ወገን ገደል የከበባት ጓዳ የምታህል አሸዋ አለች። አብራት የምትሠራ ሴት የባሕር ጨው ለምጽ ያጠፋል ብላት ነበር። ወይኒ የራሷን ጨመረችበት፤ በሥላሴ ስም ሰባት ጊዜ ትነከራለች፣ ፀሐይ ላይ ሆና ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትመለሳለች። «ውሃ ሁሉ የእግዜር ነው፤ ይሄም ጸበሌ ነው» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ተስፋ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ያዘች።

«ለእናትሽ፣ ለአባትሽ፣ ለፍቅሩ፣ የት እንዳለሁ ትንፍሽ አትዪም። መኪና ውስጥ ተኝታለች በያቸው። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

«ድገሚው።»

«ማርያምን አልኩሽ እኮ!»

በእኛ ቤት «ማርያምን» ቀልድ አልነበረም። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን በሐሰት የማለች አንዲት ልጅ አፏ ጆሮዋ ድረስ ተጣሞ እንደቀረ ነግራናለች። በዚያ ላይ ጾሙ የራሷ የማርያም ጾም ነው! እየሮጥኩ ተመልሼ ወይኒ ደክሟት ሚኒባሱ ውስጥ ተኝታለች አልኩ። እናቴ «ጾሙ ነው፤ ትተኛ» አለች። አባቴ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ጋሼ ፍቅሩ ሱሪውን ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ወዲያ ወዲህ ይላል።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የእግራችንን ዱካ ነው። ወደ ቋጥኙ የሚወስደው የእኔና የወይኒ ዱካ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ቀና ስል ግማሹ የለም። ውሃው ጫጫታ እንኳ አላሰማም፤ ዝርግ ብሎ፣ አረፋውን እየገፋ፣ በዝምታ ነው የመጣው። የመጫወቻ አካፋዬን አሸዋው ላይ ለምልክት ተከልኩ። እስከ ሃምሳ ሳልቆጥር አካፋው ውሃ ውስጥ ገባ። ሌላ ምልክት አደረግኩ፤ እሱም ገባ። እናቴ ምንጣፉን ወደ ኋላ ሳበች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ሳበች። «ምን ያሯሩጠናል ይሄ ውሃ!» ብላ ሳቀች። እኔ ዓይኔን ከቋጥኙ አልነቀልኩም።

በዚህ መሃል ጋሼ ፍቅሩ ጫማውን አንሥቶ «እስቲ ልያት፤ ሙቀቱ መኪና ውስጥ ያፍናታል» አለና ወደ ደረጃው መራመድ ጀመረ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «አይሆንም! ራሷን አሟታል፤ ማንም አይቀስቅሰኝ ብላለች!» ብዬ ጮህኩ። ቆመና አየኝ። እውነቱን ፊቴ ላይ ያነብ ይሆን ብዬ ስፈራ፣ ደግሞ ባነበበልኝ ብዬ ስመኝ፣ እሱ ተመልሶ ቁጭ አለ። ወይኔ ጉዴ! አንዱን ውሸት ለማዳን ሌላ ውሸት ጨመርኩ፤ ሊያድናት የሚችለውን ሰው በገዛ አፌ መለስኩት።

ማዕበሉ ቋጥኙን ሲመታ ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ተረጨ። የዞርንበት መንገድ ጠፋ። ልናገር ስል አፌ ወደ ጆሮዬ ሲጣመም ይሰማኛል፤ ዝም ስል ወይኒ የምትጮህ ይመስለኛል። በጣቶቼ ከንፈሬን ይዤ ጸለይኩ። «እመቤቴ፣ አንቺው ንገሪያቸው» አልኳት። አልነገረችልኝም። ከዚያ ያስማለችኝን ቃል አንድ በአንድ መለስኩት፤ ለእናትሽ፣ ለአባትሽ፣ ለፍቅሩ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት ሰው። ለፈረንጅ አትናገሪ አላለችኝም!

ሽንቴ መጣ ብዬ ወደ መንደሩ ተፈተለክሁ። ጀልባ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብሎ መረቡን ይጠግናል። በእንግሊዝኛ፣ እያለቀስኩ፣ አክስቴ ከቋጥኙ ጀርባ ናት አልኩት። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ከሄደች ምን ያህል ሆናት፣ ዋና ትችላለች ወይ። አትችልም ስለው መረቡን ከነመርፌው ወረወረው። እንደዚያ የሮጠ ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ትንሿን ባለሞተር ጀልባ ገፍቶ ገባባት፤ ሞተሩ ሁለቴ እምቢ ብሎት በሦስተኛው ተነሣ።

እየሮጥኩ ስመለስ እናቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ወደ ጀልባው ብቻ አየሁ። ጋሼ ፍቅሩ ወደ ሚኒባሱ በረረ። ሲመለስ መልኩ የሰው አልነበረም። «ወይኒ የለችም!» ብሎ ከነልብሱ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ውሃው ደረቱ ሲደርስ አባቴ ከኋላ ሸሚዙን ይዞ ይጎትተዋል፤ እናቴ «እመብርሃን ድረሽ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጀልባዋ ከቋጥኙ ኋላ ተሰወረች። የሞተሩ ድምፅ ቆመ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ ለማንም አልመኝም። በሕይወቴ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ አባቴን ቀብሬአለሁ፤ የዚያን ያህል የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

ጀልባዋ ብቅ ስትል መጀመሪያ የታየን ቢጫ ነገር ነው። የዓሣ አጥማጁ የዝናብ ካፖርት ነበር፤ ወይኒ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተጠቅልላበታለች። ኋላ እንደነገረችን፣ ሰባቱን ጊዜ ተነክራ፣ ጸሎቷን ስታደርስ ጾሙ ጣላትና እንቅልፍ ወሰዳት። ውሃው እግሯን ሲነካት ነቃች። ልብሷና ጫማዋ ሄደዋል። ገደሉ ላይ አንዲት የድንጋይ መደብ አግኝታ ስትወጣ ውሃው ተከትሏት መጣ፤ ሽማግሌው ሲደርስ ጉልበቷን አልፎ ነበር። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ካፖርቱን ወደ ኋላ ዘረጋላት። ጀርባዋን ማንም አላየባትም። ምስጢሯ ከነሕይወቷ ተረፈ።

ካራቫኑ ውስጥ እናቴ ሻይ እያፈላች፣ እያለቀሰች፣ እየተቆጣች «ምን ፍለጋ ነው እዚያ የሄድሽው? ምን ጎደለብሽ?» ትላለች። ወይኒ ካፖርቱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ብድግ አለች። ለጋሼ ፍቅሩ ጀርባዋን ሰጠችና ካፖርቱን ከትከሻዋ ለቀቀችው።

«እይ» አለችው። «ይሄን ስደብቅ ነው ልሞት የነበረው። ከዛሬ ወዲያ አልደብቅም። ቀለበትህ ይኸውልህ።»

እናቴ አፏን ያዘች። አባቴ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ፍቅሩ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።  በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ነፋሱ በሩን ከኋላው ጓ አድርጎ ዘጋው። ወይኒ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ካፖርቱን መልሳ ለበሰች። አላለቀሰችም። «ይቅናው» ብቻ አለች። እኔ ከጥጉ ተሸጉጬ መሐላዬን ስላፈረስኩ ማርያም የቀጣችው እሷን ነው ብዬ ደመደምኩ። አፌ ቢጣመም ይሻለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እስከ ማምሻው የድንች ወጡ እንደተከደነ ቀረ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ተከፈተ። ጋሼ ፍቅሩ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል፣ ፀጉሩ ውስጥ አሸዋ አለ። በእጁ አንድ እግር ሰንደል ይዟል። ከወይኒ እግር አጠገብ ዝቅ ብሎ አስቀመጠው፤ ቀለበቱን ከጠረጴዛው አነሣና ጣቷ ላይ መለሰው።

«ውሃው ሲሸሽ ጠብቄ ግራውን አገኘሁት» አለ። «ቀኙን ነገ አብረን እንፈልገዋለን።»

ወይኒ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እናቴም፣ እኔም፤ አባቴ ደግሞ «ነፋስ ዓይኔ ውስጥ ገባ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ካፖርቱን ስንመልስ ሽማግሌው አንድ ባልዲ ዓሣ ሰጠን። እናቴ ጾም መሆኑን ልታስረዳው እኔን ብታስተረጉመኝም አልገባውም፤ በረዶ ውስጥ ቀብረን ለንደን ድረስ አመጣነውና ጾም ሲፈታ በላነው። እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓሣ የለም። ቀኙ ጫማ ግን አልተገኘም።

ዛሬ የወይኒ ለምጽ እጇንና አንገቷን ይዟል፤ ጉንጯ ላይም ጀምሯል። በበጋ እጀ ጉርድ ለብሳ አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ የሚያይ ይይ። እኛ ልጅ ሳለን ለአንድ ምስጢር ሰው ይሞት ነበር። የእኔ ልጅ ደግሞ ውሃው ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ስልኳ ላይ ቼክ ታደርጋለች፤ ምስጢሯንም ጠዋት ነግራኝ ከሰዓት ትረሳዋለች። እቀናባታለሁ። ግን ያ ሁሉ ፍርሃት የነበረባት የዘጠኝ ዓመቷ እኔም አንዳንዴ ትናፍቀኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጫማው ሥር ቆሜ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የፈራሁትን ጠየቅኋት። «ወይኒ፣ እኔ ያን ቀን መሐላዬን አፈረስኩ ወይስ አላፈረስኩም?»

«ሦስት ሰው ነው የጠራሁልሽ» አለች። «ፈረንጁን ማን ያስረሳኝ ይመስልሻል? ራሷ ማርያም ናታ!»

ጋሼ ፍቅሩ ከወጥ ቤት «ዘንድሮ ሄደን ያንን ቀኝ እንፈልገው» አለ፤ ነሐሴ በመጣ ቁጥር እንደሚለው። ወይኒ ግን ዘንድሮ የምሯን ነው፤ ለመሄድ ቆርጣለች። ልጄን ጠርታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ልክ እንደያኔው ትከሻዋን ያዘቻት።

«የት እንደምሄድ ለእናትሽ ንገሪ፣ ለአባትሽ ንገሪ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ንገሪ» አለቻት። «ማርያምን በይ።»