በትርፊት ቤት የሚዞረው በርሜል

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የትርፊትን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ጆሮ ይበቃል። ከጠዋት እስከ ማታ ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ የሚወጣበት ቤት የእሷ ነው። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሰሞን ራሳችንን አዞረን ብለው ቀበሌ ድረስ ከሰዋት ነበር። በኋላ ለመዱት። በደርግ ጊዜ ያልለመድነው ምን ነገር ነበር?

ድምፁ የናፍጣ በርሜል ነው። በጎኑ ተጋድሞ፣ መሐሉን ብረት ዘልቆት፣ በሁለት ባላ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ መዝጊያ፣ ጫፉ ላይ ማዞሪያ አለው። ከእደ ጥበብ ማኅበሩ የሚመጡት የሚሊሺያ ቀበቶ ዘለበቶች ጠርዛቸው እጅ ይቆርጣል፤ መልካቸውም የድስት ቂጥ ነው። ትርፊት ከደረቅ የወንዝ አሸዋ ጋር በርሜሉ ውስጥ ትጨምራቸውና ታዞራለች። እርስ በርስ ሲፋተጉ ጠርዛቸው ይለሰልሳል፣ ዝገታቸው ይለቃል። ከዚያ አሸዋው በወንፊት ተለይቶ በሰጋቱራ እንደገና ይዞራሉ፤ ሲወጡ እንደ መስታወት ፊት ያሳያሉ። ሥራው ጉልበት እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ የሴት ጉልበት ደግሞ ማን ቆጥቦት ያውቃል?

በርሜሉ እሷ ቤት የገባው የዘማች ሚስት ስለሆነች ነው። ባሏ አናጺው ማቴዎስ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲላክ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጴጥሮስ የዘማች ቤተሰብ አይራብም ብሎ ሥራውን ሰጣት። ጴጥሮስ ክፉ ሰው አልነበረም። የበኩር ልጁ ኤሊያስም ከማቴዎስ ጋር በአንድ መኪና ነው ተጭኖ የሄደው። የዘማች ኮታው ሲጎድልበት የልጁን ስም ያስገባው ራሱ ነው ይባላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዘማቹ ግንባር አልነበረም። እዚያው ቤት፣ ቆጥ ላይ ነበር።

ማቴዎስ ከጦሩ ጠፍቶ፣ በእግርም በጭነት መኪናም አገር አቆራርጦ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከች አለ። ከጦር የጠፋ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደረግ ትርፊት ታውቃለች፤ የደበቀውም ምሕረት እንደማያገኝ ታውቃለች። ከጓዳው በላይ ያለው ቆጥ ላይ አውጥታ የእንሰት ቃጫና ጆንያ ከፊቱ ከመረችበት። እዚያው ተኮራምቶ ከረመ። ቁመቱን ሙሉ ቀና ብሎ መቆም የሚባል ነገር ረሳ።

ሳሉ ባይኖር ይቻል ነበር። ከምሽግ ይዞት የመጣው ሳል ሲነሳበት አፉን ቢያፍነው እንኳ ደረቱን ሊሰነጥቀው ይደርሳል። ትርፊት መላ ዘየደች። ሳሉ ሲመጣበት ጣውላውን ያንኳኳል፤ እሷ እየሮጠች መጥታ ማዞሪያውን ትይዛለች፤ በጩኸቱ ውስጥ እስኪወጣለት ይስላል። ማኅበሩም በትጋቷ ተደንቆ ኮከብ ሠራተኛ ብሎ ሸለማት።

ግን ደረቅ አሸዋ አቧራ አለው። በመዝጊያው ስንጥቅ እየወጣ ሽቅብ ወደ ቆጡ ይሄዳል። በርሜሉ በዞረ ቁጥር ሳሉ ይብሳል፤ ሳሉ በባሰ ቁጥር በርሜሉ መዞር አለበት። ነገሩ የገባት ቀን ትርፊት ማዞሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ብታዞር እየገደለችው ነው፤ ብታቆም ልታስገድለው ነው። አሸዋውን በውኃ አርሳ ሞከረችው። አቧራው ጠፋ፤ ጩኸቱም አብሮ ጠፋ። ዘለበቶቹም በዝገት ቀልተው ስለወጡ ማኅበሩ ገሠጻት። ወደ ደረቁ አሸዋ ተመለሰች።

«በቃኝ፤ ወጥቼ እጄን ልስጥ» አላት ማቴዎስ አንድ ቀን፣ ምግቡን ስታቀብለው።

«ዝም ብለህ ብላ። እኔ ሲደክመኝ እነግርሃለሁ» አለችው። ደክሟት ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ጴጥሮስ ባለጋሪውን አህመድን አስከትሎ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እልል በይ! ሞተር መጣልን። በርሜሉ ማኅበሩ አዳራሽ ገብቶ በመብራት ሊዞር ነው። አንቺ ተቀምጠሽ መቆጣጠር ብቻ!»

ትርፊት በርሜሉ ፊት ቆመች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ለምጄዋለሁ። እዚሁ ቢሆንልኝ?»

«ምን ነካሽ? ክንድሽ እስኪገነጠል ልታዞሪ ነው?» ብሎ እየሳቀ አንዱን ጫፍ ያዘ። አህመድ ሌላውን ያዘ። በርሜሉን ከባላው ላይ አንስተው መሬት አወረዱት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ከቆጡ ላይ ጣውላ ተንኳኳ። ትርፊት የምትይዘው ማዞሪያ አልነበራትም። ደጋግሞ ተንኳኳ፤ ከዚያ ሳሉ መጣ፤ የወንድ ሳል፣ ረጅም፣ የማያባራ።

አህመድ በርሜሉ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ጴጥሮስ ትርፊትን አያት፤ ቃጫውን አየ።

«አህመድ፣ ሂድ ፈረሱን አጠጣ» አለ ቀስ ብሎ።

ፈረሱ አሁን ነው የጠጣው። አህመድ ግን ይህን ሳይናገር ወጣ። ጴጥሮስ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ» አለች ትርፊት። እውነትም ወድቃ ነበር። እሱ ግን አላያትም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቆጡ ቀና አለ። ለስብሰባና ለትእዛዝ የሚጠቀምበትን አማርኛ ትቶ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ በሀዲይኛ ተጣራ።

«ማቴዎስ፣ ልጄስ? ኤሊያስስ?»

ሳሉ ጋብ አለ። ከቃጫው ኋላ የተሰበረ ድምፅ መጣ።

«አባባ… በእጄ ነው የቀበርኩት።»

ጴጥሮስ የአሸዋው ክምር ላይ ተቀመጠ። መንግሥት ያላረዳውን ሞት ማልቀስ የጠላት ወሬ መንዛት ነው ብሎ፣ በስብሰባ ፊት እናቶችን ያስጠነቀቀው እሱ ነው። ደጅ አህመድ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት አለ። ከንፈሩን ነክሶ ተነሳ።

«ያዢልኝ» አላት። በርሜሉን ለሁለት አንስተው ባላው ላይ መለሱት።

«አዙሪ ልጄ» አለ ጴጥሮስ። «በደንብ አዙሪው።»

ትርፊት ማዞሪያውን ያዘች። እሱም ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ልጁን አለቀሰ።