ዘንጉ ድንጋይ ሲመታ

ሰገነት ገበየሁ አሶሳ ገበያ ዳር ባለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ለሰው ሽቦ ስትለካ ብትኖርም የራሷ ቤት መብራት አልነበረውም። ነገሩ ያስጨነቃት የአባቷ ሳንባ ከደከመ ወዲህ ነው። ሐኪሙ፣ "ቤታችሁ መብራት ካለ የኦክስጅን ማሽን እናውሳችኋለን፤ ከሌለ እዚሁ ይተኛሉ" አላት። በሰፈራ ከወሎ የመጡት አቶ ገበየሁ ግን በእጃቸው ከሠሩት ቤት ውጭ መሞትን ፈርተዋል። "ልጄ፣ ቤቴ ውሰጅኝ" ይሏታል በገባች በወጣች ቁጥር።

የለመነቻቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሁሉ ቀጠሮ ሲያበዙባት ሥራውን ራሷ ያዘችው። ሽቦውን በቱቦ አሳለፈች፤ ብሬከር ገጠመች፤ ለማሽኑ ሶኬት ወፍራም ሽቦ ለብቻው ሳበች። ቆጣሪ ከመግባቱ በፊት የመብራት ኃይል መርማሪው ነገራ መጥቶ አየላት።

"ሥራሽ ጥሩ ነው። የመሬት ሽቦ ግን የለውም። አንድ ቀን ሽቦ ቢላጥ የነካችሁት ብረት ሁሉ ይነዝራችኋል። እንዲህ ሆኖ አላስቀጥልም።"

"አባቴ እየሞተብኝ ነው፣ ጋሽ ነገራ።"

"ገብቶኛል። አንቺንም አብሬ እንዳልቀብር ነው።"

ጎረቤቷ ዐዋጢፍ አዘነችላት። አማርኛ ስታወራ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። "ከኔ ቤት ሳብ፣ እኅቴ። ማን ያያል?" አለቻት።

ሰገነት ሽቦውን ይዛ ደጃፍ ድረስ ወጣች። ላብ ያራሰው የአባቷ እጅ የማሽኑን ብረት ሲነካ ታያትና መልሳ ጣለችው።

የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን የብረት ዘንግ መቅበር ጀመረች። በቤቱ ጥግ ድንጋይ መታ። በጓሮም ድንጋይ። መዶሻው መዳፏን ላጠው። ሆስፒታል ሄዳ "ነገ እንሄዳለን" እያለች አባቷን መዋሸት ስላንገፈገፋት ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጣ አለቀሰች። ኋላ፣ የልብስ እጣቢ በሚደፋበት ቀርከሃ ሥር ስትሞክር አፈሩ ለስልሶ ኖሮ ዘንጉ እየተንፏቀቀ ገባ። ነገራ ለክቶ ፈቀደ፤ ቆጣሪውም ገባ።

አቶ ገበየሁ ቤታቸው ገቡ። ማሽኑ መሥራት ሲጀምር የልጃቸውን የተላጠ መዳፍ ይዘው፣ "አሁን ተነፈስኩ" አሉ።

እሷ ግን ዓይኗን ከአምፖሉ መንቀል አልቻለችም። የቤቱን ሽቦ በወጉ ዘርግታለች፤ መብራቱ ከነከተማው ሲጠፋ ግን ምን ታደርጋለች? ደብዘዝ ባለ ቁጥር እሷም ትንፋሿ ይቆማል። ሲጠፋ አባቷን ቀና አድርጋ ደግፋ፣ በካርቶን እያራገበች፣ እስኪመጣ ትለምናለች።

አቶ ገበየሁ ክረምቱን አልዘለቁም። መብራት ሳይጠፋ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ።