የይርገዱ ምድጃ

ይርገዱን የቁሐር ሚካኤል ሰው «እልኸኛዋ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አማቷ እሜቴ ወለተ ሐና ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ለአያልነህ ተድራ ስትመጣ እንደ ወጉ አማቷ ግቢ፣ አማቷ ማድ ቤት ገባች። እሜቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን ጨው የሚነሰነሰው በእሳቸው ጣት፣ ድስት የሚወጣው በእሳቸው ቃል ነበር፤ ይርገዱም በገዛ እጇ የሠራችውን ወጥ የኔ ሳትለው ዓመት አለፈ።

«አንድ ማጀት ሁለት ሴት አይችልም» አለችው ባሏን። «የራሴን ጉልቻ እፈልጋለሁ።»

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!» አሉ እሜቴ ሲሰሙ።

ቢሆንም በበጋው እዚያው አጠገባቸው ጎጆ ወጡ። ለማድ ቤቱ አፈር ፍለጋ ማን ይደክማል? ሜዳው ሁሉ ጥቁር ዋልካ ነው። ከእግራቸው ሥር ቆፍረው፣ በገለባ አቡክተው ግድግዳውን ለጠፉ፣ ምድጃውንም ሠሩ። ዋልካው ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ፤ ሐምሌ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን ደግሞ ምድጃው እንደ አጥሚት ቀጠነ። የእሜቴ ማድ ቤት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውኃው ደፉን ነክቶ ተመለሰ። ይርገዱ ድስቷን ተሸክማ፣ እያለቀሰች ወደዚያው ገባች።

«አላልሁሽም?» አሉ እሜቴ። «በይ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ። በሚመጣው ክረምት እሳትሽ ከጠፋ ግን የጎጆ ወሬ እንዳልሰማ። እዚሁ ከኔ ጋር ታረጃለሽ።»

«እሽ፣ እሜቴ» አለች እንባዋን እየጠረገች።

መስከረም ሲጠባ ወረታ ገበያ ወርዳ ሸክላ ሠሪዋ ንግሥቲ ዘንድ ቁጭ አለች። ሰው ከንግሥቲ ድስት ይገዛል እንጂ አጠገቧ አይቀመጥም። ይርገዱ ግን የቸገራትን ሁሉ ነገረቻት።

«ዋልካ ለሽምብራ ነው እንጂ፤ ለምድጃ ይሆናል ያለሽ ማነው?» አለች ንግሥቲ። «ኩይሳ አምጭ። ምስጥ ያቦካው አፈር ውኃ ቶሎ አይፈታውም። ከሥሩም ድንጋይ ደልድይ።»

ኩይሳ ያለው ዳገቱ ላይ ነው። አያልነህ በጋውን ሙሉ በአህያ አመላለሰ። ወንድ ለምድጃ አፈር ሲጭን ደግሞ የጎረቤት ምላስ አያርፍም።

«አያልነህ፣ ሊጡንስ መቼ ነው የምታቦካው?»

«ሲደርስ እጠራችኋለሁ» ይላል። ያፍር ነበር፤ ግን አላቆመም።

ድንጋዩን እስከ ጉልበት ደለደሉ። እሱ ጭቃውን ሲረግጥ እሷ ምድጃውን በመዳፏ አለሰለሰች። ሥራው ካለቀ በኋላም አያልነህ ከማድ ቤቱ መውጣቱን ረሳው። ከእርሻ ሲመለስ ቀጥ ብሎ እሷ ዘንድ ይገባና ሽንኩርት እየላጠ ያጫውታታል። በሩን ግን ይዘጋል፤ ወንድ ነዋ!

ያን ክረምት ርብ ሽማግሌዎቹ እንኳ አይተውት በማያውቁት አኳኋን ሞላ። ይርገዱ ሦስት ቀን እሳቷን ስትቆሰቁስ፣ ውኃውን ስትለካ ሰነበተች። ውኃው ድንጋዩን ለማለፍ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ እሳቱም አልጠፋም። ደስታዋን መቻል አቅቷት ባሏን አንገቱን አንቃ ሳመችው።

በዚያው ቀን በሩ ተንኳኳ። እሜቴ ወለተ ሐና ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ወገብ ርሷል፣ በእጃቸው ገል ይዘዋል።

«እሳት ልጭር ነው» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «የኔው ጠፋ።»

ይርገዱ ለዚች ቀን ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ነገር ነበራት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ መልሳ ዋጠችው።

«እሳቱማ መንገድ ላይ ይጠፋብዎታል። ይግቡ፤ እዚሁ እንሠራለን።»

አያልነህ ደንግጦ ሽንኩርቱን ከነቢላው ጋቢው ውስጥ ሸጎጠ። እናቱ ግን አይተውታል።

«አውጣና ላጥ» አለችው ይርገዱ ኮስተር ብላ። «ማድ ቤቱን የሠራነው ሁለታችን ነን።»

እሜቴ ምድጃውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አባትህ» አሉ፣ «አርባ ዓመት ከእጄ በላ። አንድ ቀን እንኳ ማጀቴ ገብቶ ደከመሽ ወይ አላለኝም።»